ሳይከፈት የተመለሰው የቅቤ ቅል፦ ከቢቸና እስከ ሞጣ

የበደለችኝ የልጄ አማት ጥሩዓለም ናት። ዘንድሮ በጥቅምት ልጄ ሞጣ ላይ ስትወልድ አንድ ቅል ቅቤ ላክሁ። የአራስ ራስ በእናቷ ቅቤ ነው የሚቀባው። ቅሉ ሳይከፈት ተመለሰ። «ላሟ የምትበላው ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ ነው፤ ሕፃኑን ይጎዳል» ብላለች ጥሩዓለም። ለላሜ ዘይቱ የወጣለት የጥጥ ፍሬ፣ ፋጉሎውን፣ እንደምሰጣት የነገርኋት ራሴ ነኝ። ዘሩ የተለወጠ ይሁን አይሁን ነጋዴውም አያውቀው። በልጆቻችን ሠርግ ጊዜም ጠላሽ ቀጠነ ብላኛለች፤ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ራሴው ተነሣሁ።

ጠዋት፣ ቢቸና መናኸሪያ

ቅሉን በአዲስ ቅቤ ሞልቼ፣ ከፋጉሎውም አንድ እፍኝ በጨርቅ ቋጥሬ ሚኒባስ ያዝሁ።

«እማማ፣ ቅልዎን ጣራ ላይ ልጫንልዎት?» አለ ረዳቱ።

«ፀሐይ ሊያቀልጠው? ጭኔ ላይ ይሄዳል።»

«እንግዲያው እሱም ይክፈላ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጤፉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል፤ በስተግራ ጮቄ ደመና ተከናንቧል። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ሞጣ

መጀመሪያ ወደ ልጄ ቤት አልሄድሁም። ከወሎ ተመድቦ የመጣ አብዱ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ገብቼ እፍኟን ፈታሁለት።

«ዘሩ የተለወጠም ቢሆን እማማ፣ ላሟ ሆድ ውስጥ እንደ ሌላው መኖ ይሰባበራል። እስካሁን በተመረመረው ወተቱም ሥጋውም ልዩነት አላሳየም» አለኝ። ፋጉሎውን አሸተተና ፈረፈረው። «ደረቅ ነው፤ ጥሩ። እኔን የሚያሰጋኝ ሻጋታ ነው። የሻጋታ መርዝ ከመኖው አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል። መኖው ከተቀየረ ግን ወተቱ በጥቂት ቀን ይጠራል።»

ልጄ የምትኖርበት የጥሩዓለም ግቢ ስደርስ ዓይኔ በረቱ ላይ አረፈ። ክረምቱን ጣራ ሲያንጠባጥብበት የከረመ የኑግ ፋጉሎ ጆንያ እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጧል። እጄን ብሰድ አረንጓዴ ሻጋታ ይዞ ወጣ። ልጄ በየቀኑ የምትጠጣው የዚያችን ላም ወተት ነው።

«ደግሞ ምን ፍለጋ በረት ገባሽ?» አለች ጥሩዓለም ከደጃፉ።

«ልጄን ምን እንደምታጠጫት ለማየት ነው።»

«ያገሬ ኑግ ነው! እንዳንቺ ጥጥ ማንም አልነካካውም!»

«ሻጋታ ነክቶታል» ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። የሐኪሙንም ቃል ነገርኋት።

«እማ፣ በልጄ ሞት፣ ዛሬ እንኳ አትጣሉ» አለች ልጄ ከውስጥ።

አልጮህሁም። ገብቼ የልጄን ራስ ቀባሁ። ጥሩዓለም ቆማ አየች።

ቢቸና

ስመለስ የራሴን ፋጉሎ ከወለል አንሥቼ ቆጥ ላይ አወጣሁት። መኖ ከምን ዘር መጣ ከማለት ይልቅ እንዴት ተቀመጠ ብሎ መጠየቅ እንደሚበልጥ ከዚያ በፊት አላሰብሁትም ነበር።

በሳምንቱ ጥሩዓለም ለክርስትናው ቅቤ እንድልክ ሰው ላከችብኝ። ላክሁ። ለእሷ ላምም በሻገተው ኑግ ፈንታ አንድ ጆንያ ደረቅ ፋጉሎ አብሬ ጫንሁ። ሰላምታ አልላክሁም።