ሳይያዙ የገቡት

ኢታፈራሁ አንድ ነገር በልቧ ካስገባች የሚያስወጣላት የለም። ባሏ ገበየሁ ይህን ስለሚያውቅ ከእሷ ጋር መከራከር ከተወ ቆይቷል። ከሐይቅ እስከ ጂዛን ያለው ሌላው ሰው ግን ገና አልተማረም።

ሁለቱ የተጋቡት ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የወንጌላውያን አጥቢያ ነው። በዓመቱ ወደ ውጭ አገር ሚስዮናዊ ሆነን እንላክ ብለው ማመልከቻ አስገቡ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፣ ጸለዩ፣ አይሆንም አሉ። እሱ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ፣ እሷ ከአማርኛ ሌላ የማታውቅ፤ ማን ዘንድ ይላካሉ? የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ እንዳልካቸው "እግዚአብሔር ጊዜ አለው" ብለው ሸኟቸው። አነጋገሩ ያምራል፤ ሲፈታ ግን "ሂዱ፣ አታድርቁን" ማለት ነው። ኢታፈራሁ ቤቷ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበችና "እሺ፣ እንጠብቃለን" አለች።

ኑሮ ግን ጊዜ አልሰጣቸውም። እሷ በኮንትራት ሳዑዲ ሄደች፤ በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ባለችው ደርብ ከተማ አንዲት መምህርት ቤት ተቀጠረች። እሱ ከሦስት ዓመት በኋላ በየመን በኩል፣ በጦርነቱ መሐል ለመሐል፣ በእግሩ ተከተላት። በአል-ኹባ በኩል ድንበሩን ሲሻገር በላዩ የሚያፏጨው ጥይት የየትኛው ወገን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። ደርብ ደርሶ በሩን ሲያንኳኳ ኢታፈራሁ አላወቀችውም፤ ለማኝ መስሏት ዳቦ አመጣችለት። እሱም ረኃቡ ጠንቶበት ነበርና መጀመሪያ ዳቦውን በላ፣ ከዚያ በስሟ ጠራት።

ገበየሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የማንጎ እርሻ ሥራ አገኘ። የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ ግን የለውም። ዓርብ ዓርብ ኢታፈራሁ ፈቃድ ስትወጣ፣ ዘጠኝ አሥር የሚሆኑ ሐበሾች እርሻው ውስጥ ባለችው የውኃ ሞተር ቤት ተሰብስበው ያመልካሉ። ከተሰማባቸው መዘዙ ብዙ ነው፤ ስለዚህ የሚዘምሩት ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ሞተሩ ድንገት ቀጥ ካለ መዝሙሩም ቀጥ ይላል፣ ሁሉም አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ገበየሁ ሞተሩን አስነስቶ ሲመለስ ካቆሙባት ቃል ይቀጥላሉ። ኢታፈራሁ በዚህ ሁልጊዜ ሳቋ ይመጣ ነበር።

ወረርሽኙ መንገዱን ሁሉ በዘጋበት በ2012 ዓ.ም. አፈሳው በረታ። ከጉባኤያቸው ራሔል የምትባል ፀጉር ሠሪ ተያዘችና ተርሒል ገባች። ሐበሾቹ ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች የሚታሰሩበትን ግቢ ተርሒል ነው የሚሉት። ከወር በኋላ በተደበቀ ስልክ ደወለች።

"ኢታፍዬ፣ እኔ ደኅና ነኝ፤ ሰዉ ግን አለቀ።"

"ምን ሆናችሁ?"

"በየመን የመጡት ቁስላቸው አልሻረም። ትናንት አንዷ ስትሞት ዓይኗን የሚከድን እንኳ ጠፋ፤ ሁሉም ፈርቶ ፊቱን አዞረ። እኔም አዞርኩ። ወንዶቹ ጋ ይብሳል አሉ። ሴት ለሴቶቹ፣ ወንድ ለወንዶቹ፣ አንጀት ያለው ሰው ቢኖር… ኸላስ፣ መጡ!"

ስልኩ በኢታፈራሁ ጆሮ ላይ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓርብ ለባሏ ነገረችው። እሱም ብዙ አላሰበም።

"እጄን እሰጣለሁ" አለ። "ወደ አገሩ ለመመለስ ሲል በየቀኑ ስንቱ ለሹርጣ እጁን ይሰጥ የለ? አንቺ ኢቃማ አለሽ፣ ቆዪ።"

"ሚስዮን የሚወጣው ባልና ሚስት ሆኖ ነው ያልኸው አንተ አይደለህ?"

"እሱ ለውጭ አገር ነው።"

"ይኼ ታዲያ ምንድን ነው? ሐይቅ ነው?"

ገበየሁ ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠው። "አሻራ ከሰጠሽ ተመልሰሽ ሳዑዲ አትገቢም። ደግሞ እዚያ ወንድና ሴት አይገናኝም። እስከ መቼ እንደሆነም አይታወቅ።"

እሷን የከበዳት ይኼኛው ነው። ሦስት ዓመት ተለያይተው፣ ከዚያ ወዲህም የሚገናኙት ዓርብን እየጠበቁ ነው። ባሏን ትወደዋለች፤ እሱን ማጣት ትፈራለች። ፈርታም ቢሆን ለጋሽ እንዳልካቸው ደወለች።

"ልጄ፣ እስር ቤት መግባት ሚስዮን አይባልም" አሏት።

"ላኩን አላልንዎትም ጋሼ። ጸልዩልን ነው ያልንዎት።"

 ሰውየው "በሉ ተንበርከኩ። ስልኩን አናታችሁ ላይ አድርጉት" አሉ። ኢታፈራሁ ስልኩን መጀመሪያ በራሷ፣ ቀጥሎ በገበየሁ አናት ላይ አደረገች። የጋሽ እንዳልካቸው ጸሎት እየተቆራረጠ ወረደባቸው፤ ሽማግሌው እያለቀሱ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሁለቱም መንገዱ ላይ ወዳለው የፖሊስ ኬላ ሄዱ። ሹርጣው ገበየሁን ወዲያው መኪና ላይ ጫነው። የእሷን ኢቃማ አገላብጦ ካየ በኋላ ግን ወረቀትሽ ደኅና ነው፣ ሂጂ ብሎ መለሳት። መኪናው ባሏን ይዞ ሲሄድ እሷ ወረቀቷን ይዛ አስፋልቱ ዳር ቀረች። ሕጋዊ መሆን እንዲህ የሚያናድድ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቀችው።

ብትፈልግ ያኔ መመለስ ትችል ነበር፤ ማንም አይወቅሳትም። እሷ ግን መዳሟ፣ አሠሪዋ መምህርት፣ ዘንድ ሄዳ ከነገ ጀምሮ ከቤትሽ እጠፋለሁና ጠፋች ብለሽ አመልክቺ አለቻት። መዳም እብድ ነሽ ብላ ጮኸችባት፣ ለመነቻት፣ በመጨረሻም አቅፋት አለቀሰች። ኢታፈራሁ በማግስቱ ከቤት ወጣች፤ በሳምንቱ ወረቀቷ ተሰረዘ፣ እሷም ያው ኬላ ሄዳ ተያዘች።

ተርሒል ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ የሚጠየቀው "የት ተያዝሽ?" ተብሎ ነው። "ራሴ መጣሁ" ስትል ሴቶቹ ጤንነቷን ተጠራጠሩ። ራሔል ብቻ ተጠምጥማባት አነባች። ኢታፈራሁም በዚያው ቀን ሥራ ጀመረች፤ ቁስል አጠበች፣ የተኙትን አገላበጠች፣ የሞቱትን ዓይን ከደነች። የባቲዋ እትዬ አሚናት በሳል ስትሰቃይ ኢታፈራሁ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ታድራለች። አሚናት ዱዓ ስታደርግ ኢታፈራሁ አሚን ትላለች፤ ኢታፈራሁ ስትጸልይ አሚናት አሚን ትላለች። ይኼ ምን ዓይነት ስብከት ነው የሚል ካለ ገብቶ አንድ ቀን ይሞክረው።

በአምስተኛው ወር ስም ተጠራ። በማግስቱ የሚነሳው አውሮፕላን ባልና ሚስትን አንድ ላይ ይወስዳል ተባለ፤ ኢታፈራሁና ገበየሁም ከዝርዝሩ አሉበት። አሚናት ትኩሳት ስላለባት መሳፈር አይፈቀድላትም።

"ሂጂ ልጄ፣ አብሽሪ። እኔን አላህ ያየኛል" አለቻት። እጇን ግን አልለቀቀችም።

ኢታፈራሁ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። መቅረቷን ወስናለች፤ ያቃታት ለገበየሁ መንገሩ ነው። አምስት ወር ጠብቆ በሩ ላይ ሲያገኛት "ብቻህን አገርህ ግባ" ልትለው ነው። ሲነጋ በቦታዋ ራሔልን አስከትላ ወጣች።

ወንዶቹ አውቶቡሱ አጠገብ ተሰልፈዋል። ሁሉም ፌስታሉንና ብርድ ልብሱን ታቅፏል። ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ፣ ገበየሁም ቆሟል፤ እጁ ግን ባዶ ነው። ከኋላው አንድ እግሩ የተጠቀለለ ሰው በምርኩዝ ተደግፏል። ኢታፈራሁ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

"ዕቃሽስ?" አላት።

"አላመጣሁም።"

"እኔም።"

ሁለቱም ሳቁ፤ እየሳቁ እንባቸው መጣ። ሹርጣው "ያላ! ያላ!" እያለ ይጮኻል። የሚቆጥረው ሰው እንጂ ስም ስላልነበረ ራሔልና ባለምርኩዙ በእነሱ ቦታ ተሳፈሩ።

"አንቺ ጋ ማን ነው የቀረው?"

"አንዲት እናት። አንተ ጋስ?"

"ሁለት ልጆች። አንዱ ማታ ብሶበት ነበር።"

ኢታፈራሁ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና "በል ሂድ፣ ይጠብቁሃል" አለችው።