አራስ የነበርኩበት ወር

ሸማኔ ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው ሽሮ ሜዳ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል፣ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ስሸምን ነው። ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ዓመታት ቢያልፉም ሕመሙን የሥራው አካል አድርጌ ቆጥሬው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ልነሳ ስል ወገቤ እምቢ አለኝ። ባለቤቴና አንድ ጎረቤታችን ብብቴን ይዘው ከጉድጓዱ ጎትተው አወጡኝ። ወጣሁ እንጂ ቀና ማለት አልቻልኩም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎብጬ ሄድኩ። አንድ ቀን አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው እሳቸውም ጎንበስ አሉና አስፋልቱን በዓይናቸው ያስሱ ጀመር።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ምንም አልጠፋብኝም አባቴ፤ ወገቤን አሞኝ ነው።»

«ታዲያ አሁን እኔን ማን ቀና ያደርገኛል?»

የምራቸውን ነበር። ታክሲ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ደግፎ አቀናቸው።

በመጨረሻ ሐኪም ጋ ስሄድ እናቴ አብራኝ ገባች። ሐኪሙ በፕላስቲክ የተሠራ አከርካሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ በሁለት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለውን ዲስክ አሳየን። የእኔ ተሰንጥቆ ነርቭ ተጭኗል። እሱን አውጥቶ ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ ሰው ሠራሽ ዲስክ ሊተካልኝ ነው። እናቴ እስከዚህ ድረስ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው።

«የምንገባው በሆዱ በኩል ነው» ሲል ግን ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«የኔ ልጅ፣ የታመመው እኮ ጀርባው ነው።»

«አውቃለሁ እማማ። ከኋላ ግን ነርቮቹ መንገድ ይዘጉብናል፤ በፊት በኩል ይሻላል።»

«ራሱን ሲያመውስ በእግሩ ልትገቡ ነው?»

ሐኪሙ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

ከሰመመን ስነቃ አንዲት ነርስ የእግሬን ጣቶች እንዳንቀሳቅስ ነገረችኝ። ተንቀሳቀሱልኝ። ከወገቤ ወደ ቀኝ እግሬ እንደ እሳት ይወርድ የነበረውን ሕመም ፈለግሁት፤ የለም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከእምብርቴ በታች ግን በፋሻ ተሸፍኛለሁ፤ ባሳልኩ ቁጥር ሆዴ የሚተረተር ይመስለኛል።

ቤት ስገባ እናቴ አልጋዬን በመጋረጃ ጋርዳ፣ መሃሉ በቂቤ የተሞላ ገንፎ ይዛ ጠበቀችኝ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የአራስ ነው።»

«ሆድህ ተቀዷል። ከውስጥህ አንድ ነገር ወጥቷል። ተኝተሃል። ሌላ ምን ቀረህ?»

በላሁ።

መጀመሪያ ልትጠይቀኝ የመጣችው የሰፈራችን ሴት «እግዜር ይማርህ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን መጋረጃውንና ገንፎውን ስታይ ምላሷ የለመደውን ተናገረ፤ «እንኳን ማርያም ማረችህ!»

«ማርያም ታኑርሽ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ ወዲህ ነገሩን የሚመልሰው ሰው አልተገኘም። ሳምንቱ ሳያልቅ አንዱ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «ወንድ ነው ሴት?» ሲል ጠየቀ።

«ብረት ነው!» አለችው ባለቤቴ ከጓሮ።

እሷ ሦስት ልጆች ወልዳልኛለች፤ የመጨረሻውን በኦፕራሲዮን። አንድ ከሰዓት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ከገንፎዬ አንድ ማንኪያ ጎረሰች።

«እኔ በአሥረኛው ቀን ልብስ አጥቤያለሁ።»

«አስታውሳለሁ።»

«አታስታውስም። ጉድጓድህ ውስጥ ነበርክ።»

እውነቷን ነው። ሳህኑን ወደ እሷ ገፋሁላት። ለሁለት ጨረስነው።

ሐኪሙ በየቀኑ እንድራመድ አዝዞኛል። እናቴ ግን አራስ ብረት ሳይዝ ደጅ አይወጣም ብላ የሽንኩርት ቢላዋ አስያዘችኝ።

«እማዬ፣ ብረቱ እኮ ውስጤ አለ።»

«የውስጡን ሰይጣን አያየውም።»

እናም በየጠዋቱ ቢላዋዬን ጋቢዬ ሥር ይዤ ዳገቱን ቀስ እያልኩ እወጣለሁ፤ እወርዳለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ለቀጠሮ ወደ ሆስፒታል ስንሄድም ይዤው ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃዋ ስትፈትሸኝ ቢላዋው ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ ወንድሜ?»

ቀድማኝ እናቴ መለሰች። «አራስ ነው።»

ጥበቃዋ ጢሜን አየች፣ እናቴን አየች፣ ቢላዋውን አየች።

«ስንተኛ ቀኑ ነው?»

«ሃያ ስድስተኛ።»

«እንግዲህ ሲወጣ ይወስዳል» ብላ ቢላዋውን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐኪሙ ራጄን እያየ ዲስኩ ቦታውን በደንብ እንደያዘ ነገረን። ቀጥሎ ሚዛን ላይ አወጣኝና ፊቱ ተቀየረ። «በጣም ወፍረሃል። ይሄ ለወገብህ ጥሩ አይደለም። ምንድን ነው የምትበላው?»

እናቴን አየኋት። እሷ ጣሪያውን ታይ ነበር።

ወደ ሥራ የተመለስኩት ከወራት በኋላ ነው። አሁን አንድ ሰዓት ያህል ሸምኜ እነሳለሁ፤ ሰፈሩን ዞሬ እመለሳለሁ። የመጀመሪያውን ነጠላ ለመጨረስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ እጄም ሥራ ረስቶ ስለነበር ጠርዙ ተጣመመ። ባለቤቴ የሸመንኩትን በምትሸጥበት ሱቃችን ውስጥ ዘርግታ ግራና ቀኙን አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ለሰው አይሸጥም» አለችና አጣጥፋ ወደ ቤት ይዛው ገባች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ለብሳው ነበር።