በመኪናችን ውስጥ የሸተተው ሩዝ

ሽታው የመጣው ሀይዌይ ገብተን፣ መስኮት ዘግተን ኤሲ ከከፈትን በኋላ ነው። የበሰበሰ አሣና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ የሆነ ነገር። የምትነዳው ልጄ ናት፤ ከሥራ ልትወስደኝ መጥታ።

"ማሚ፣ ምንድን ነው ያመጣሽው? ግሮስ! ሩዝ እኮ ስቶር ሞልቷል" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ አልሳቅኩም። ወሎ እያለን አባቴ ማሽላው ላይ የነቀዝ ክኒን ሲጨምር ቤታችን የሚሸተው ይሄንኑ ነበር። ያን ቀን እኛ ልጆቹ ጎረቤት ነበር የምናድረው። ክኒን ከገባበት እህል ጋር ቤት ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች እናውቃለን።

"መስኮት ክፈቺ! ሁሉንም! ዳር ያዢ፣ ፑል ኦቨር አድርጊ!"

"እዚህ? ሀይዌይ ላይ ነን እኮ ማሚ!"

"ውጪ እልሻለሁ!"

ኋላ ወንበር ላይ የጫንኩት ሩዝ ከየት እንደመጣ ልናገር። የምሠራው ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ጠዋት ከካምቦዲያ የመጣ ኮንቴይነር ስናራግፍ ጆንያዎች ተቀደው ሩዙ ወለሉ ላይ ፈሶ አገኘነው። አብራኝ የምታራግፈው ሴትዮ እዚያው ካምቦዲያ ተወልዳ ያደገች ናት። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ ነው፤ ስለ እርሻ ስናወራ ግን አንቸገርም፣ የገበሬ ልጆች ነን። ሱፐርቫይዘሩ ሩዙን በጫማው ገፋ ገፋ አደረገና "ትራሽ!" ብሎ እንድንጥለው አዘዘን።

እህል በጫማ! እሷ ከኔ ብሳ ተቆጣች። "ማይ ብራዘር" አለችኝ፣ ሩዙን በእጇ ዘግና እያሳየችኝ።

ወንድሟ እዚያው አገሩ ሩዙን እንዳጨደ እርጥቡን ነው የሚሸጠው። ማድረቂያ የለው፣ ማከማቻ የለው። ነጋዴውም ይሄን ስለሚያውቅ መኪናውን ማሳው ዳር አቁሞ በፈለገው ዋጋ ይጭናል። ከዚያ ሌላው ያደርቀዋል፣ ሌላው ይፈትገዋል፣ ሌላው በሚያምር ጆንያ ይከተዋል፤ ትርፉም እዚያው እነሱ ጋ ይቀራል። የአገሯ ትልልቅ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ፋብሪካ ብቻ ነው። እህቷ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ፋብሪካው የተዘጋ ጊዜ ማን አበላት? የወንድሟ ማሳ! እሷን ብቻ መሰላችሁ? ከከተማ ባዶ እጁን የተመለሰውን የሰፈር ሰው ሁሉ። ሥራ ሲጠፋ አገር በሙሉ ገበሬው ላይ ይወድቃል፤ ሥራ ሲገኝ ገበሬው ኋላ ቀር ይባላል። ይሄን ስትነግረኝ የኛን አገር የምታወራልኝ መሰለኝ፣ ደሜ ፈላ።

ሶ፣ ትራሽ አናደርግም አልን። መጥረጊያ ይዘን ከጥጋጥጉ ሳይቀር ጠረግንና ሁለት ጆንያ ሞላን፤ አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ፣ ቤት ወስደን ልንነፋው። ሱፐርቫይዘሩ፣ "ቴክ ኢት፣ ፍሪ ነው!" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ልጄ ከሀይዌይ ወርዳ አንድ ጋዝ ስቴሽን ጎን ፓርክ አደረገች። "ራሴን... ማሚ፣ ራሴን" አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። በክንዷ ጎትቼ አወጣኋትና ነፋስ በሚመጣበት በኩል ሣሩ ላይ አስቀመጥኳት። አስመለሳት። "ያ ረቢ፣ ይቺን ልጄን!" እያልኩ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ቀጥዬ ለካምቦዲያዋ ጓደኛዬ ኮል አደረግኩ።

"ራይስ ኖ! ሃውስ ኖ! ራይስ ፖይዝን!"

"ጋራዥ" አለችኝ፤ ከቤቷ ጋር የተያያዘው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አስገብታዋለች።

"ኪድስ አውትሳይድ! ናው!" ብዬ ጮህኩባት። ስትሮጥ ትንፋሿ ይሰማኛል።

እሳት አደጋዎች ማስክ አድርገው መጡ። ከጆንያው ውስጥ ዱቄቱ ገና ያላለቀ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አወጡ፤ ለመርከብ ጉዞ የተጨመረ የነቀዝ መድኃኒት ነው። ከሩዙ ጋር ጠርገን ከተነዋል። አንደኛው፣ "ኮንቴይነሩ በር ላይ የራስ ቅል ያለበት ወረቀት አልነበረም?" ብሎ ጠየቀኝ። ትዝ አለኝ። ጠዋት ስንደርስ ሱፐርቫይዘሩ ከበሩ ላይ ወረቀት ሲልጥ ነበር። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ወረቀቱን ቢተውልን ግን የራስ ቅል ለማንበብ ትምህርት አያስፈልግም ነበር! ማስክ መግዛት፣ ኮንቴይነሩን ከፍቶ ማናፈስ ገንዘብና ጊዜ ይወስድበታላ። ገበሬውን እዚያ ይገፉታል፣ እኛን እዚህ መርዝ ውስጥ ይከቱናል፣ ሩዙ ግን በሰዓቱ ሱቅ ይድረስ!

ሆስፒታል ልጄ ኦክስጂን ተደርጎላት አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ጓደኛዬ ደወለች፤ ልጆቿ ውጪ ናቸው፣ ጆንያውንም እሳት አደጋዎች ወስደውታል። በኋላ ሐኪሟ መጥታ ልጄን አየችና ቤት መሄድ ትችላላችሁ አለችን። ልጄም፣ "ማሚ፣ ረሃብ ገደለኝ" አለች።

አልሃምዱሊላህ። ልጄ ተርፋለች፣ እኔም ተርፌያለሁ። አሁን ደኅና ነን።