የፒካፔ ኋላና የኤዶ ሩቂያ ቁጣ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሐርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ ቤቶቿን መልሳ በምትሠራባቸው ዓመታት ነው። ሳላስበው ሰው ልገድል የነበረበት ቀን ስለሆነ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ያኔ ከድሬዳዋ መጥቼ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ፒካፕ የግንባታ ዕቃ አመላልስ ነበር። ስለዚህ መኪና ከጠየቃችሁኝ እስከ መግሪብ ላወራ እችላለሁ። ሌላው መኪና ሦስት ጊዜ የሚመላለስበትን ድንጋይ በአንዴ ይጭናል። ደረቁ ወንዝ ውስጥ ሌሎቹ አሸዋ ውጧቸው ሲቀሩ፣ እሱ እያጓራ ይወጣል። ጉድለቱንም አልደብቅም። ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል። ጎኑ ሰፊ ስለሆነ ጠባብ መንገድ ከገባ መዞር አይችልም። ከሁሉ የከፋው ግን ኋላው ነው፤ የዕቃ መጫኛው ካሶኒ ድንጋይ ከተጫነበት ከበስተኋላ ግመል ቢቆም አይታይም።

የዚያን ቀን ዳሚ ሰፈር ለሚጠገን ቤት ድንጋይ ይዤ ሄድኩ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር እስከ ደጃፉ ድረስ በኋላ ማርሽ መግባት ነበረብኝ። የሚመራኝ ግንበኛው ጀማል ነው። የአገሬ ልጅ ነው፤ ከመጣ ገና ሳምንቱ፣ ሶማልኛው ከሰላምታ አያልፍም።

እናም በአገራችን ሁሉም ሰው መኪና ሲያስገባ እንደሚለው፣ እጁን እያወናጨፈ «ና! ና! ና!» ይለኝ ጀመር። በስፔኪዮ እሱን እያየሁ ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ጀማል የቆመው በእኔ በኩል ስለነበር የመኪናውን ሌላኛውን ጎን አያይም። በዚያ በኩል በጦርነቱ የተሰነጠቀ ግንብ አለ።

ከግንቡ ማዶ ሰው መኖሩን ሁለታችንም አላወቅንም። ለካ ወተት ሻጯ ኤዶ ሩቂያ ጥላ ፈልገው ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኤዶ ማለት አክስት ነው፤ ትልቅ ሴት በአክብሮት የሚጠሩበት። በሶማልኛ ደግሞ «ና» ማለት «አንቺ ሴትዮ!» እንደማለት ነው። ጨዋ ሰው ለማያውቃቸው ትልቅ ሴት አይለውም።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ የመጀመሪያውን እንዳልሰሙ ሆነው አለፉት። ሁለተኛውንም ዋጥ አደረጉት። ጀማል ግን አንዴ ከጀመረ የሚያቆም ሰው አይደለም። በመጨረሻ በንዴት ብድግ አሉና ዱላቸውን ይዘው ግንቡን ዞረው መጡ።

«አንተ! ማንን ነው ‹ና› የምትለው? እናት የለችህም?»

ጀማል አፉን ከመክፈቱ በፊት የመኪናዬ የኋላ ፓራውልት ግንቡን ነካው። ነካ ነው ያደረገው። ግንቡ እንዳለ ወደ ማዶ ተገነደሰ።

አቧራው ሲገለጥ የኤዶ መቀመጫና የወተት ጀሪካኖቻቸው ከድንጋዩ ሥር ነበሩ። ከጋቢናው ወርጄ ጎማው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ጀማልም መሬት ላይ ዘፍ አለ። የቆሙት ኤዶ ብቻ ነበሩ። በድንጋዩ መሀል የሚፈሰውን ወተት እያዩ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ሰው ለምንድን ነው የሚሰድበኝ?»

«አልሰደበዎትም ኤዶ። እኔን ነበር። በእኛ ቋንቋ ‹ና› ማለት ወደዚህ ቅረብ ማለት ነው።»

ከዚያ የጀማልን ትከሻ በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «ታዲያ ጠራኝ እንጂ መች ሰደበኝ!» ብለው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። አላፈርኩበትም።

ግንቡን ከጀማል ጋር መልሰን ሠራነው። ፒካፑንም አልሸጥኩትም፤ የሚወዱት ነገር ጉድለቱ ሲታወቅ ይጠነቀቁለታል እንጂ አይጥሉትም። አሁን ግን ወርጄ ዙሪያውን፣ ከግንብ ማዶ ያለውን ሳይቀር፣ ሳላይ ወደ ኋላ አልሄድም።

አንዳንድ ቀን ኤዶን ከነወተታቸው ገበያ አደርሳቸዋለሁ። ጋቢናው ከፍ ስለሚል ደግፌ ነው የማስገባቸው። ከዚያ እስከ ገበያ ድረስ ማማረር ነው፤ መቀመጫው ይጎረብጣል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይሄ መኪና የተሠራው ለድንጋይ እንጂ ለሰው አይደለም ይላሉ። ድሮ መኪናዬን ሲነኩብኝ አልወድም ነበር። የእሳቸውን ግን ስሰማ ውስጤ በደስታ ይሞላል። አላህ ዕድሜ ይስጣቸውና ገና ብዙ ያማርሩ።