ካርድሽ ወጣ?

ቡሬ ላይ፣ ከበርበሬ ነጋዴዎች ግቢ ጀርባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ከባሕር ማዶ የምደውል መስዬ አባቴን አነጋግራቸው ነበር። የአባቴ ቤት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲመጡ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ ከዚያች ክፍል በመኪናም በእግርም ተብሎ ለምሳ ይደረሳል። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ፤ የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። የመኖሪያ ካርዴ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዛሬም ግን ስለ ካርድ የሚጠይቀኝ ሰው ካጋጠመኝ ፊቴ ይጠቁራል።

ብዙ ዓመት በኖርኩበት የአውሮፓ አገር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። የሰው አባት አጥባለሁ፣ የሰው እናት አጎርሳለሁ። እዚያ አገር ሰውን የሚያኖረው ሥራው አይደለም፤ ካርዱ ነው። ካርዱ ደግሞ እንደ እንጀራ ቀን ቆጥሮ ይሻግታል። ለእድሳት አስገብቼ መልስ እየጠበቅሁ ሳለ ታናሽ ወንድሜ ደወለ።

«እታለም፣ አባባ ደክመዋል። ልባቸው ነው አሉ የፍኖተ ሰላም ሐኪሞች። እንደምንም ብለሽ መጥተሽ እያቸው» አለኝ።

በእጄ የነበረው «ማመልከቻዎ በመታየት ላይ ነው» የሚል ወረቀት ብቻ ነው። በዚህ ወረቀት ሄጄ መመለስ እችል እንደሆነ የመሥሪያ ቤቱን ሴትዮ ብጠይቃት ትከሻዋን ሰበቀች። ትከሻ መስበቅ በዚያ አገር እሽም ነው፣ እንቢም ነው። እኔ እንደሚመቸኝ እሽ አድርጌ ወሰድኩት። ወንድሜ ግን የካርዴን ነገር ያውቅ ስለነበር ስልክ ላይ አስጨንቆ ጠይቆኛል፤ «ግድ የለም» አልኩት።

አባቴ ከፈራሁት ይሻሉ ነበር። ሆስፒታል አመላለስኳቸው። ወረፋ ስንጠብቅ ከእኛ ቀድሞ የመጣውን ገበሬ ሁሉ ስለ ማሳው ይጠይቃሉ፤ የሚያውቁት ሰው ከገጠማቸውማ ተራቸው ደርሶም አይነሱም። ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ለውጦ እኔንና ወንድሜን ለብቻ ጠራንና «ድንጋጤ አይስማማቸውም፤ ክፉ ወሬ በድንገት እንዳታሰሟቸው» አለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እቤታችን ውስጥ ክፉ ወሬ አዋጅ እንደወጣበት ሰው በጓሮ በኩል ሆነ የሚገባው። ላም ብትሞት እንኳ ተሸጠች ይባል ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ሸኙኝ። ሽኝት ሲባል እጅ ማውለብለብ የሚመስለው ካለ የእኛን አገር አያውቅም። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ በተራ መረቀኝ። ሴቶቹ ዱቄቱንና ሽሮውን ከሻንጣው በላይ አሸከሙኝ። አባቴ በመጨረሻ ከመደቡ ተነሥተው ግንባሬን ያዙና «ሂጅ ልጄ፤ ያመጣሽ ጌታ ያግባሽ። በሰላም ገባሁ ብለሽ የደወልሽ ለት ነው እኔ እንቅልፍ የሚወስደኝ» አሉኝ። እንዲህ ተሸኝቶ የተመለሰ ሰው ገድ የለውም ይባላል። መንገደኛ ከሄደ ሄደ ነው፤ ሻንጣውን ተሸክሞ ደጅ ላይ ቢቆም ወይ ሰው ገድሏል፣ ወይ ሰው ሞቶበታል።

ቦሌ ላይ መለሱኝ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ሰው አክባሪ ሴት ነበረች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እናቴ፣ ይሄ ወረቀት እዚያው ለመቆየት ነው እንጂ ለመግባት አይሆንም» አለችኝ። አሮጌው ካርድ አባቴን ሳስታምም ቀኑ አልፎበታል። ኤምባሲው በር ላይ ተሰልፌ ገባሁ። «መሥሪያ ቤቱ መልስ ሲሰጠን እንጠራዎታለን» አሉ። መሥሪያ ቤቱን በኢሜይል ጠየቅሁ። በመታየት ላይ ነው አለ። ማን እንደሚያየው፣ በየትኛው ዓይኑ እንደሚያየው እግዜር ይወቅ።

አዲስ አበባ የሰው ቤት ሰነበትኩና ፊት ሲከፋብኝ ቡሬ ላለችው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወልኩ። ፍኖተ ሰላም አብረን ተምረን እሷ የመንግሥት ሠራተኛ ሆና ቡሬ ቀርታለች። መንገዱ በዚያ ሰሞን ሲከፈት ሲዘጋ ነበርና የተከፈተ ለት ተሳፍሬ፣ በፍኖተ ሰላም ሳልፍ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቡሬ ገባሁ።

«አባትሽ ዘንድ አትሄጅም?» አለችኝ።

«ምን ብዬ? ተባረርኩ ብዬ? ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል።»

«እሱስ እውነት ነው። ልባቸው አይችለውም» አለች፤ ክፍሏንም አፈላለገችልኝ። ሁለታችንም ለጥቂት ሳምንት ነው ብለን ነበር።

አባቴ ዘንድ ሁልጊዜም የምደውለው በኢንተርኔት ስለነበር ቁጥሩ ከየትም ብደውል ያው የውጭ ቁጥር ሆኖ ነው የሚወጣው። «አባባ፣ በሰላም ገባሁ» አልኳቸው። «ተመስገን! በይ እንግዲህ ልተኛበት» አሉኝ። እውነትም የተኙ ይመስለኛል። የቀረው ሁሉ ቢቆጨኝ ይህችን ውሸት አልጸጸትባትም።

ቡሬ የበርበሬ አገር ነው። ግቢው ውስጥ በርበሬ ሲሰፈርና ሲገለበጥ የሚነሣው ብናኝ በመስኮት ይገባና ያስነጥሰኛል። አባቴ በስልክ ይሰሙና «ያ አገር ብርዱ አይለቅም» ይሉኛል። «አይለቅም አባባ፣ በረዶ ጥሏል» እላለሁ፣ በላብ ተጠምቄ። አንድ ቀን አህያ መስኮቴ ሥር ቆሞ ሳንባው እስኪወጣ አናፋ። አባቴ አህያው እስኪጨርስ ጠበቁ። ቀጥለው «እዚያም አህያ አለ?» አሉ። «ፊልም ከፍተው ነው» አልኩ። «የኛን አህያ የሚመስል ድምፅ አለው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በገበያ ቀን ግን አልስቅም፤ ያገሬ ሰው ቡሬን ሲሞላው በሬን ዘግቼ እንደ ወንጀለኛ እቀመጣለሁ።

ሁዳዴ ገባ። አባቴ ስልክ ላይ ጠፉ። ወንድሜን «የት ሄዱ?» ስለው «ሱባኤ ገብተዋል፤ ስልክ አይያዝም» አለኝ። አባቴ በየዓመቱ በጾሙ ሱባኤ ይገባሉ፤ ደስ አለኝ እንጂ አልተጠራጠርኩም። በሚቀጥለው ስደውል «ከሱባኤው ጠበሉን አስከትለዋል፤ እየተሻላቸው ነው» አለኝ። ከዚያም ሁልጊዜ ያችኑ ያመጣታል።

«ካርድሽ ወጣ?»

«አልወጣም።»

«እንዴት እስካሁን? መቼ ይወጣል አሉሽ?»

ቀድሞ በወር አንዴ እንኳ የማይጠይቀኝ ሰው አሁን ሰላምታውን ሳይጨርስ ካርድ፣ ካርድ ይላል። የበኩር ልጁን ወስጄ እንዳስተምርለት ከዓመታት በፊት አንሥቶብኝ ነበርና እሷን ነው የሚያሰላው ብዬ አማሁት። አንድ ቀን ግን አልቻልኩም።

«ምን ሆነሃል አንተ? ደህና ነሽ ወይ፣ በልተሻል ወይ አይባልም? እህትህ ካርድ ናት?» ብዬ ጮኽኩበት።

ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ «አይ እታለም፣ እንደሱ አይደለም። በይ ደህና ሁኚ» ብሎ ዘጋው። ድምፁ የሱ አልመሰለኝም። ስለ ልጁ የደረስኩበት መስሎት አፍሮ ነው አልኩ፤ እንዲያውም አሸነፍኩት ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ልብ ነው ያለኝ።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል፣ በገበያ ቀን፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ሳይ የወንድሜ ሚስት ከግቢው ውስጥ ቆማለች። ጥቁር በጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። በርበሬ በእፍኟ እያነሣች ትመርጣለች፤ ከጎኗ ትልቅ የጌሾ እስር አለ። የሽንዲ ልጅ ናትና ከነሱ ወገን አንዱ ሞቶባት ነው አልኩ። ለአማቴ ቤት ነው ትልና በርበሬውን በሰፊው ታስለካለች። ቃሉን ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬ ሰምቶ ልቤ እንቢ አለው።

እስክትወጣ ጠበቅሁና ወረድኩ። ነጋዴዋ ታውቀኛለች፤ ከመስኮት ሆነን ሰላም እንባባላለን። «ያች ሴት ማን ሞቶባት ነው?» አልኳት።

«አማቷ ናቸው። ሁዳዴ በገባ ሰሞን አረፉ አለችኝ፤ አሁን ለአርባቸው ነው ሸመታው» አለች፤ እጇ በርበሬውን ከማገላበጥ አላረፈም። «ሴት ልጃቸው ውጭ አገር ናት አሉ፤ አልተረዳችም። የመኖሪያ ወረቀቷ ገና ነው። ሳይወጣ ከሰማች ሁሉን ጥላ ትመጣና በዚያው ትቀራለች ብለው፣ ሲወጣ ሊነግሯት ነው። አባቷ ተቀብሮ እሷ እዚያ ስትስቅ ትውላለች። ምን ታድርግ፣ አታውቅ።»

እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና «ውይ፣ በርበሬው ገባብሽ! ዞር በይ፣ ዞር በይ፣ ዓይንሽን በውኃ ታጠቢው» አለችኝ።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ በሩን ዘጋሁ። ማልቀስ አልቻልኩም፤ ተናደድኩ። በወንድሜ ተናደድኩ። ሬሳ አስቀምጦ ሱባኤ ገብተዋል ያለበት አፉ አስጠላኝ። በዚያች ትከሻዋን በሰበቀች ሴት ተናደድኩ። በአባቴ ሳይቀር ተናደድኩ፤ ለእሳቸው ስል ተደብቄ እንዴት ይሞታሉ አልኩ። ድንጋጤ እንዳይገድላቸው ዋሸኋቸው፤ ማንም ሳያስደነግጣቸው ሞቱ። ወንድሜም ካርዴን እንዳላጣ ብሎ ነው የዋሸኝ። ይህ እየገባኝ ሲመጣ ግን በሱ ላይ የነበረኝ ንዴት ጥሎኝ ሄደ። ሰውየው የአባቱን መርዶ አፉ ውስጥ ይዞ በደወልኩ ቁጥር ሊተነፍሰው ፈቃድ ሲጠይቀኝ ነው የከረመው፤ እኔ ደግሞ አልወጣም፣ አልወጣም እያልኩ አፉን ስዘጋው። በቀብሩ ዕለት እዚችው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ምናልባት ልብሴን ሳጥብ ይሆናል። የፍኖተ ሰላም አውቶቡስ የሚጮኽበት መናኸሪያ እስከዚህ ይሰማል።

አመሻሹ ላይ ደወልኩለት።

«እንዴት ነሽ እታለም?» አለ። ቀጥሎ፣ እየፈራ፣ «ካርድሽስ… ወጣ?»

«ወጣ» አልኩት።

«ተመስገን» አለ፤ ተመስገኑ ግን መሐል ላይ ተቆረጠበት። ድምፁን አበርትቶ «በይ ነገ ጠዋት ሥራ እንዳትገቢ። ከቤትም እንዳትወጪ። ያገራችን ሰዎች ሊጠይቁሽ ይመጣሉ፤ በጊዜ ነው የሚመጡት» አለኝ።

ጎሕ ሲቀድ በር የሚያንኳኳ ያገር ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሰዎቹን ከዚያ አገር አፈላልጎ፣ ካርዱ በወጣ ማግስት እንዲሄዱ ተማጽኖ አዘጋጅቷቸው ኖሯል። እዚህ ነኝ፣ ቡሬ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው «እሽ» ብቻ ነው።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጥታ፣ አህዮቹ በርበሬ ጭነው ግቢውን ሲሞሉት ስልኬ ጮኸ። እዚያ አገር አንድ ቤት የምንጋራ ያገሬ ልጅ ናት፤ መንገድ ላይ መቅረቴን ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው።

«አንች፣ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል፤ አንድ ቄስም አሉ። አንችን ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው?»

ነጠላዬን ከአልጋው ላይ አነሣሁና ዘቅዝቄ ለበስኩት።

«ልቅሶ ሄዳለች በያቸው» አልኳት፤ ወደ መናኸሪያው ወረድኩ።