ለአባቴ የዝናብ ካፖርት ይዤ ወደ ዛንዚባር

ይህን ጉዞ የሄድኩት አባቴን ለማየት ነው። ባሕር ናፍቆኝ አይደለም፤ ጄኔቭ ውስጥ ውኃ ሞልቶልኛል። አባቴን ካየሁት ረጅም ዓመታት አልፈዋል። የያዝኩት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ዓለምን ሁሉ ያስኬዳል፤ የሚከለክለው አንድ አገር ብቻ ነው፤ እሱም አባቴ ያለበት አገር ነው። እሱና እናቴ ደግሞ ወደዚህ ለመምጣት ቪዛ ጠይቀው "ለመመለሳችሁ እርግጠኛ አይደለንም" ተብለው ተመለሱ። አባቴ በጉልምስናው አሰብ ድረስ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። "ቤቴን ጥዬ የእነሱን በረዶ ልጠርግ ነው? በሉ ባሕር ያለበት ቦታ ፈልጉና እዚያ እንገናኝ፤ ከአሰብ ወዲህ ባሕር አላየሁም" አለ። ደሴት የመረጥነው ለዚህ ነው።

ትኬቱን የቆረጠችው ዙሪክ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ናት። እኔ የምሠራው አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ የዓመት ፈቃዴ የተያዘው ለሰኔ ነበር። እሷ ግን ድንገት ብድግ ብላ "መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ ቆርጫለሁ፤ አለቃሽን ለምኚ" አለችኝ። ለመንኩ። ዛንዚባርን የምታውቅ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቀኑን ስነግራት ዓይኗን አፈጠጠች። "በዚያ ሰሞን? ትልቁ ዝናብ የሚገባው እኮ ያኔ ነው!"

ወዲያው ደወልኩ። "ጥሩዬ፣ ዝናብ ነው!"

"ምን ዝናብ? ዝናብ የሚገባው በሰኔ አይደል?"

"በሰኔ የሚገባው የእኛ ክረምት ነው! ደሴቷን የእኛ ክረምት ምን አገባት?"

"ርካሽ ነው" አለችኝ። ጥሩወርቅ ለአንድ ጥንድ ጫማ የወር አስቤዛ የምታወጣ ሰው ናት። ከመቼ ወዲህ ነው ርካሽ የምትወድደው ብዬ እሳት ጎረስኩ።

ከሻትሌን እስከ ቪዲኮን

ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ካለው ቤቴ የወጣሁት በጠዋት ነው። አበባ እንድታጠጣልኝ ቁልፌን ለአስቴር ሰጠኋት። አስቴር እዚያው ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ የምትኖር የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ደሴ ያሉት እናቷ ታመው ስለከረሙ ስልኳን ከእጇ አትለይም። ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝታኝ አቀፈችኝ፤ አልለቅም አለች። ጭራሽ አለቀሰች።

"ምን ሆነሻል? ሳምንት እኮ ነው የምቆየው!"

"አባትሽን..." አለችና ዋጠችው። "እንኳን አብሮሽ ሰው ኖረ።"

በባቡሩ መስኮት ሐይቁ እየሸሸ ሲሄድ የማስበው ስለ አባቴ ስልክ ነበር። ከገና በፊት ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም። አንዴ ጠበል ሄዷል፤ አንዴ ጉሮሮውን አሞት ሐኪም እንዳይናገር ከልክሎታል፤ አንዴ ስልኩ ተሰርቋል። እናቴ ደግሞ በቪዲዮ በደወልኩ ቁጥር መብራት ጠፍቷል እያለች በጨለማ ነው የምታወራኝ። ተናድጄ ነበር፤ ግን የተናደድኩት በመብራቱና በኔትወርኩ ነበር።

ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር ስደርስ ጥሩወርቅ ጣቢያው ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። በቀጥታ ገበያ ይዣት ወጣሁ፤ አባቴ የዝናብ ልብስ ያስፈልገዋላ! እሷ ባመጣችው ጣጣ። ከትራም ማቆሚያው አጠገብ ካለ ሱቅ ኮፍያ ያለው ጥቁር ሰማያዊ የዝናብ ካፖርት አገኘሁ። ዋጋው ያስለቅሳል፤ ስዊዘርላንድ ነዋ። መካከለኛውንና ትልቁን ይዤ አመነታሁ።

"ትልቁን ውሰጂ" አለችኝ ጥሩወርቅ፤ ወደ መስኮቱ ዞራ። "ትከሻው ሰፊ ነው።"

ትልቁን ወሰድኩ። ከዚያ እዚያው ሰፈር በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት ጋሽ ታደሰ ሱቅ ገባን። ጋሽ ታደሰ ከአዲስ አበባ የወጡ፣ ጡረታቸውን በሱቅ የሚያሳልፉ ሽማግሌ ናቸው። ሁሌ ስገባ "የጄኔቯ እመቤት መጣች" ብለው ያሾፉብኛል። የዚያን ቀን ግን ከመቀመጫቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። "እግዚአብሔር ያበርታሽ ልጄ" አሉኝ።

"ለዝናቡ ነው ጋሼ?"

"አዎ" አሉ መሬት መሬት እያዩ። "ለዝናቡ።"

ዳቦ ቆሎ በከረጢት ሞልተው ሰጡኝ፤ ሒሳብ አልቀበልም አሉ። ለአባቴ ብለው ነው ብዬ ምርቃቴን አዥጎደጎድኩላቸው።

ደሴቷ

ከዙሪክ በዶሃ በኩል አድርገን ዛንዚባር ገባን። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ የገንፎ ድስት እንደ መክፈት ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። ከአየር ማረፊያው ሳንወጣ ዝናቡ ወረደ፤ ማካፋት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ባንዴ ዱብ! ሾፌራችን እየሳቀ "ማሲካ" አለን፤ የትልቁ ዝናብ ስም ነው። መንገዱ ወንዝ ሆኗል፤ የሰፈሩ ልጆች በየኩሬው ይዘላሉ። የሙዝ፣ የኮኮነትና የቅርንፉድ ዛፍ እያለፍን ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ወዳለች ትንሽ ማረፊያ ደረስን። እንግዳ የለም፤ ፈረንጁ ሁሉ ዝናቡን ሸሽቶ ሄዷል። ዝናብ የሚሸሸው ፈረንጅ ሞኝ አይደለማ፤ ሞኞቹ እኛ ነን እያልኩ አጉረመረምኩ።

የማረፊያዋ ምግብ አብሳይ ቢ ዙለይካ የሚሏት ደርባባ ሴት ናት። ሁዳዴ ስለሆነ ሥጋም ወተትም እንደማንበላ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ባቄላ በኮኮነት ወተት ሠርታ ቻፓቲ ከሚሉት ቂጣ ጋር አቀረበች። እጇ ይባረክ፣ ለጾም ይህን የመሰለ ወጥ በልቼ አላውቅም። ሳመሰግናት ግን ፈገግ አላለችም፤ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ "ፖሌ" አለችኝ። አይዞሽ እንደማለት ነው። እዚህ አገር ለዝናብም አይዞሽ ይባላል ማለት ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውሮፕላን ልንቀበል ሄድን። መንገደኛው ወጣ፣ ወጣ፣ አለቀ። በመጨረሻ እናቴ ብቻዋን ሻንጣ እየገፋች መጣች። አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች፤ በራሷ ላይ ሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ምን ያህል አጥራለች! ጭምቅ አድርጌ አቅፌያት፣ እሷ ስታለቅስ እኔ ስስቅ፣ ከትከሻዋ በላይ በሩን አያለሁ።

"አባዬስ?"

እናቴ ጥሩወርቅን አየች። ጥሩወርቅ "ነገ ነው የሚመጣው" አለች። "በዝናቡ ምክንያት በረራ ተዛብቶ ወንበር ጠፋ።"

ደሜ ፈላ። እዚያው በመንገደኛው ፊት ጮህኩባት። "አላልኩሽም? በሰኔ ይሁን አላልኩሽም? ሰባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ በአንቺ ርካሽ ትኬት አየር ማረፊያ ወለል ላይ ይደር?" ጥሩወርቅ የእናቴን ሻንጣ ተቀብላ መግፋት ጀመረች። እናቴ ክንዴን ይዛ "ተይ ልጄ፣ ተይ" ብቻ ትላለች። የዚያን ዕለት ስንመለስ ዝናቡን ረገምኩ፣ እህቴን ረገምኩ፣ አየር መንገዱንም አልማርኩም።

ንጋት

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። አባዬ በሌሊት ደርሷል ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ይበርደዋል ብዬ ካፖርቱን ከሻንጣዬ መዝዤ በሩን ከፈትኩ።

ደጃፉ ላይ እናቴና ጥሩወርቅ ቆመዋል። ከኋላቸው ቢ ዙለይካ አለች። ከእሷ ኋላ አትክልተኛውና ሁለት የጽዳት ሴቶች ዝናብ እየወረደባቸው ተሰልፈዋል።

"መጣ?" አልኩ።

እናቴ ሻሿን ፈታች። ያ እስከ ወገቧ የነበረ ፀጉር የለም። ከሥሩ ተቆርጦ ገና ጣት አይሞላም።

ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። በእኛ አገር ሴት ፀጉሯን እንደዚያ የምትቆርጠው ለምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? የዚያን ሰዓት ጩኸቴን እዚህ አልጽፈውም። መሬት ላይ ሳልወድቅ የያዘችኝ ቢ ዙለይካ ናት። ጥሩወርቅ ለካ ገና በደረስንበት ቀን ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ለምናቸዋለች፤ "በእኛ ወግ መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰው መሰብሰብ አለበት፤ እህቴ ራሷን ትጥላለች፣ እባካችሁ ቁሙልኝ" ብላ። እንግዲህ ቢ ዙለይካ አይዞሽ ያለችኝ ለዝናቡ አልነበረም። አባቴ የሞተው ከገና በፊት ነው። ተኝቶ አልነቃም።

ማልቀስ ሲደክመኝ ንዴቱ መጣ። ወይ ንዴት! እኔ የምሠራበት ቤት አንድ አረጋዊ ሲያርፍ ወዲያው ለልጆቹ ይደወላል። ልጅየው ሱቅ ይሁን፣ ትራም ላይ ይሁን፣ ይነገረዋል፤ የራሱ አባት ነዋ! የእኔን አባት ሞት ግን ቪዲኮን ያለ ባለ ሱቅ አውቆታል፣ አስቴር አውቃዋለች፣ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። ስሙን እንኳ የማታውቅ የዛንዚባር ሴት ከእኔ ቀድማ አወቀች።

ካፖርቱን ጥሩወርቅ እግር ሥር ወረወርኩት። "ይህን ስገዛ አጠገቤ ቆመሽ ነበር! 'ትልቁን ውሰጂ' ያልሽኝ አንቺ ነሽ! ለሞተ ሰው ልብስ ስታስመርጪኝ አፍሽ እንዴት ታዘዘልሽ?"

"ምን ልበልሽ?" አለች እያለቀሰች። "'አትግዢ' ብልሽ 'ለምን' አትይኝም? ብቻሽን ነሽ፤ ያ ፎቅ ላይ ብቻሽን ነሽ የምትኖሪው። በስልክ ነግሬሽ በመስኮት ብትወረወሪስ? ማን ይይዝሻል?"

"ባቡር የለም? ከዙሪክ ጄኔቭ ስንት ባሕር ያቋርጣል?"

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ። ድምፅዋ እንደ ድሮው ነበር፤ ቤት ውስጥ ክርክር የምትዘጋበት ድምፅ። "እሷን ተያት። እኔ ሳልኖር እንዳትነግሩብኝ ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ። ባሌን ቀበርኩ፤ ልጄ ያለሰው ስታለቅስ በስልክ መስማት ግን አልችልም። ቪዛ ቢሰጡኝ በሣልስቱ ቤትሽ ነበርኩ። አልሰጡኝም። ከል ለብሼ እንዳታዪኝ አምፖሉን አጥፍቼ ስዋሽሽ ከረምኩ። እስከ ሰኔ ጠብቂ ስትለኝ አልችልም አልኳት። አለቀ።"

ዝናቡ እስኪያልፍ ያልጠበቅነው ለዚህ ነበር። ንዴቴ ግን አልወጣም፤ ዛሬም አልወጣም። እናቴ እኔን ለማቀፍ ብላ ያን ሁሉ ጊዜ በጨለማ መቀመጧ ያንገበግበኛል። ያስቀመጣትን የቪዛ መስኮትም ይቅር አልለውም። ግን አባቴ ከሞተ በኋላ እኔ በሥራ ቦታ የሳቅኩትን ሳቅ፣ ለልደቱ የላክሁለትን መልእክት፣ "ጤና ይስጥልኝ" ብዬ ያስያዝኩለትን ጸሎት ማን ይመልስልኛል? ሰው ራርቶም ይሰርቃል ለካ።

ከዚያ በኋላ የቆየነው ለልቅሶ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ምንጣፍ ይዘው በረንዳችን ላይ መጥተው ይቀመጣሉ። ቋንቋ አንግባባም፤ ዝናቡን እያዩ ዝም ይላሉ፤ ሩዝና ሻይ ያመጣሉ፤ ሲመሽ ይሄዳሉ። ሃይማኖታችን ሌላ ነው፤ አቀማመጣቸው ግን የእኛው ነው። ካፖርቱን ከመሬት ያነሳችው እናቴ ናት። አንድ ቀን ለብሳው፣ ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ እየተንዘላዘለ፣ ወደ ባሕሩ ወረደች። በዕድሜዋ ባሕር አይታ አታውቅም። ማዕበሉ እግሯን ሲነካት ብዙ ቆመች።

"አባትሽ የሚያወራው ይህን ነው?" አለችኝ። "ለዚህ ነዋ አሰብ ሲሄድ ቶሎ አልመለስ ይል የነበረው።"

ከመርዶው በኋላ ሦስታችንም የሳቅነው ያኔ ነው።

መመለስ

እናቴ ወደ አዲስ አበባ፣ እኛ ወደ ዙሪክ ሄድን። ካፖርቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ከጥሩወርቅ ጋር ጣቢያው ላይ ተሳሳምን፤ ብዙ አልተነጋገርንም። ቂሜ ገና ትኩስ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች።

ጄኔቭ ስደርስ ይዘንባል። በትርፉ ቁልፍ ቤቴን ከፍቼ ገባሁ። አበቦቼ ጠጥተዋል። አስቴርን ልጋፈጣት፣ "አውቀሽ ሸኘሽኝ አይደል?" ልላት በልቤ ቃል እየደረደርኩ ሻንጣዬን ሳልፈታ ስልኬ ጮኸ። የጄኔቭ አበሾች ማኅበራችን ሰብሳቢ ናት። ለአባቴ አጽናናችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"የአስቴር እናት ትናንት አርፈዋል። እሁድ ማለዳ ተሰብስበን እንነግራታለን። እስከዚያ ብትደውልልሽ አታንሺ።"

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

"ዛሬ ነው" አልኳት።

"እንዴ! ሰው ሳይሰበሰብ?"

"ሰብስቢ። የሚመጣ አሁን ቨርሷ ይምጣ። እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ።"

ሰው መሰብሰቡን አልጠላሁትም፤ ቢ ዙለይካ ባትይዘኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። የጠላሁት መጠበቁን ነው። ከዚያች ደሴት ይዤ የተመለስኩት ይህን ብቻ ነው። ስልኬ እንደገና ጮኸ፤ አስቴር።

"ገባሽ? ቁልፉን ላምጣልሽ?"

"አይ፤ ከቤት እንዳትወጪ። እኔ እመጣለሁ።"

የአባቴን ካፖርት ለብሼ ባቡር ያዝኩ። እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል። በሩን ስትከፍት በመጀመሪያ ካፖርቱን አየች፤ ከዚያ ፊቴን። ልትቆጣኝ መጥታለች ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ይቅርታ ልትለኝ አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቴን ደግማ አየች።

"እማዬ ናት?" አለችኝ።

ቀድሜ አቀፍኳት። ከዚያ "አዎ" አልኳት።