ባለቤቴ የምትተነፍስበት መኪና

ሐኪሟ ገና ወጣት ነበረች። የሳንባውን ፎቶ መብራቱ ላይ ሰቅላ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ከባለቤቴ ይልቅ ወደ እኔ ዞረች። የባለቤቴ ሳንባ እየደደረ መሆኑን፣ የደደረውን መልሶ የሚያለሰልስ መድኃኒት አለመኖሩን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳችን። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ ለእሷ ግን ከአልጋ ተነስቶ ወጥ ቤት መድረስ ተራራ መውጣት ነው አለች።

"ዝቅ ያለ ቦታ ዘመድ የላችሁም?" ብላ ጠየቀችን። "ባሕር አጠገብ ቢሆን ይመረጣል።"

"እህቴ... ዛንዚባር" አለች ባለቤቴ። ከዚያ በላይ ለመናገር ትንፋሽ አልነበራትም።

የምንኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የለውም። ባለቤቴ አብነት ሰፈር ውስጥ ሁለት የልብስ ስፌት መኪና ያላት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ደረጃው ሲያቅታት ሱቁን ዘጋች። እኔ በልደታ መስመር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የራሴን ሚኒባስ ነድቻለሁ። አንዲት ልጅ አለችን፤ በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ሐኪም ቤት ደርሰን በተመለስን ቁጥር ባለቤቴን አዝዬ ነበር የምወጣው። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ቆም እላለሁ። ደክሞኝ የቆምኩ እንዳይመስላት አውርጃት ጫማዬን የማስር እመስል ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ዐረብ አገር ለሥራ ሄዳ ከዛንዚባር ሰው ጋር ተዋውቃ አገባች። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ከከተማው ርቆ ባሕሩ ዳር ባለ መንደር ውስጥ ነው። ደውዬ የሐኪሟን ቃል ስነግራት አለቀሰች። ግቢያቸው ውስጥ ባዶ የተቀመጠ ሁለት ክፍል ቤት እንዳለ ነግራኝ ነገውኑ ኑ አለችኝ።  

"ወንድሜ፣ ያለ መኪና ግን እንዳታመጣት" አለችኝ።

ለምን እንዲህ እንዳለች ስጠይቃት ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ። ሁለተኛ ልጇን ስታምጥ የዝናብ ወቅት ነበር። መንደሩን ከዋናው መንገድ የሚያገናኘው የአሸዋ መንገድ ውሃ ሞልቶት ሊያልፍ የሚችል መኪና እስከ ቀትር ሳይገኝ ቀረ። በመጨረሻ በበሬ ጋሪ ጭነው ወሰዷት፤ ልጁ መንገድ ላይ ሞተ። ለእኛ ሐኪም ቤት ውስጥ ነው የሞተው ብላን ነበር። ባለቤቴም እኔም ለስድስት ዓመት እንዲያ ነበር የምናውቀው።

ስለዚህ መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ ጉዞ። ስልኩን ስዘጋ እንደ መረጋጋት ብዬም ነበር። በዚህ ዓለም የማውቀው ነገር ቢኖር መኪና ነው ብዬ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት የራሴን ሚኒባስ በመርከብ ለመውሰድ ነበር። የእህቷ ባል በሚስቱ አስተርጓሚነት ሐሳቡን በሁለት ደቂቃ አፈረሰብኝ። እዚያ የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው። የእኔ ሚኒባስ በር ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። ባለቤቴን ላወርዳት በሩን ስከፍት መንገዱ መሐል ላይ ነው የማወርዳት ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳወጣና ሳወርድ ኖሬ ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ። ሚኒባሷን ሸጬ እዚያው ለመግዛት ወሰንን።

ተራ ላይ ያሉ ጓደኞቼ ሁሉም ሐሳብ ነበራቸው። አንዱ ጊዜው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ነዳጅ ሰልፍ የለ፣ ምን የለ አለኝ። እህቷን ስጠይቃት በዝናብ ጊዜ መብራት ሁለትና ሦስት ቀን ይጠፋል አለች። ሌላው ለአሸዋ ፎር ዊል ድራይቭ እንጂ ሌላ አይታሰብም አለ። ሌላው ባጃጅ ይበቃሃል አለና ሳቀ፤ የባለቤቴን ሁኔታ አያውቅም ነበር። አንዱን ስሰማ ልክ ይመስለኛል፤ ሌላውን ስሰማ ደግሞ የመጀመሪያው ሊገድላት የነበረ ይመስለኛል።

አብነት ውስጥ ሚኒባሴን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ የሚሠሩልኝ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ሄጄ አማከርኳቸው። እሳቸው ምንም ሳይሉ ጋራዣቸው ጥግ ወደቆመች አንዲት ነጭ መኪና ወሰዱኝ። ከላይ ስትታይ አዲስ ትመስላለች። ጅቡቲ ወደብ ላይ ስትሠራ የኖረች ናት አሉኝ። መኪና ከሥር የሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ከሥሯ ቆምን። ካቻቢቴውን አንስተው ብረቱን ገፋ አደረጉት፤ ዳቦ እንደ መውጋት ነበር። ዝገቱ ፊቴ ላይ ረገፈ።

"ጋሼ፣ ይሄ በስንት ዓመት ነው?" አልኳቸው።

"ዓመቱን ተወው። ባሕር ከታች ነው የሚበላው፤ ቀለም ማንም ይቀባል። መኪናዋን ሳይሆን ሆዷን አሳዩኝ በላቸው።"

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ስለ መኪና አላሰብኩም። የሐኪሟ መብራት ላይ የተሰቀለው የሳንባ ፎቶ ነበር የታየኝ። ከላይ ሲያዩዋት ባለቤቴም ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም መልኳ ያምራል ይሏት ነበር።

ቀጥሎ የመቀመጫው ነገር መጣ። ባለቤቴ አጎንብሳ መቀመጥ አትችልም፤ ሆዷ ሲታጠፍ ትንፋሿ ይቆማል። ከፍ ያለ ላይ መውጣትም አትችልም። ሐኪም ቤት የምንሄድባቸውን ቀናት እየጠበቅሁ የጎረቤትና የጓደኛ መኪና እየለመንኩ ሞከርኩ። ትንሿ የቤት መኪና ውስጥ ገብታ ገና በሩ ሳይዘጋ እጇን አወናጨፈችብኝ፤ ጎትቼ አወጣኋት። ፎር ዊሉ ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ቆመች፤ ሁለተኛውን ሳታነሳ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። የእኔ ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ግን፣ ትንሽ ከደገፍኳት፣ ትቀመጣለች። ያኔ የስፌት ሜትሯን ከመሳቢያ አውጥቼ ከመሬት እስከ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው እስከ ጣሪያው ለካሁ። ከዚያ እሷን ደግሞ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ፣ ከወገቧ እስከ ራሷ ለካኋት።

ሜትሩን ስታይ ቆየች።

"ለሳጥን ነው የምትለካኝ?" አለችኝ።

እኛ በከፈን እንጂ በሳጥን አንቀበርም አልኳት። ልቀልድ ብዬ ነበር። እሷ ፈገግ አለች፤ እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

የእህቷ ባል ጁምዓ ከሰገደ በኋላ ከተማ እየወጣ የሚሸጡ መኪናዎች ፎቶ ይልክልኛል። እኔም በእህቷ በኩል ሆዷን አሳየኝ እለዋለሁ። ያ ሰው ነጭ ቀሚሱን እንደለበሰ በየመንገዱ መሬት ላይ እየተጋደመ ፎቶ ያነሳ ነበር። የመጀመሪያዋ ሥሯ የተበላ ነበር። የሁለተኛዋ መቀመጫ ዝቅ ያለ ነው። ሦስተኛዋ ግራጫ ቫን ነበረች፤ ሆዷ ንጹሕ፣ መቀመጫዋ ከልኬ ጋር በአንድ ሴንቲ ብቻ የሚለያይ። ሁሉም ነገሯ ልክ ነበር። እኔ ግን አሁንም ፈራሁ። የሞተሩን ድምፅ ቅዳልኝ አልኩት፤ ቀዳልኝ። የጭስ ማውጫውን አሳየኝ አልኩት። ማቀዝቀዣውን ቀትር ላይ ሞክረው አልኩት። እንዲህ ስል አራት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን ሌላ ሰው ገዛት።

ለባለቤቴ ስነግራት አልተቆጣችም። ሌላ ይገኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ሚኒባሷን አስረክቤ ነበር። እዚያም እዚህም መኪና የሌለው ሰው ሆንኩ።

ማክሰኞ ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ክረምት ነው፣ መብራት ጠፋ። ኦክስጅን የሚሰጣት ማሽን በመብራት ነው የሚሠራው። ማሽኑ ድምፁን ሲያቆም ሁለታችንም ተያየን። መብራቱ ይመጣል ብለን ትንሽ ጠበቅን። አልመጣም። ጣቶቿ ሲጠቁሩ አዘልኳትና ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። ከጎናችን የሚኖሩት እትዬ ዣንጥላ ይዘው ከኋላችን ወረዱ፤ በሌላ እጃቸው ጀርባዋን ደግፈው በማርያም ስም እየለመኑ።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል። የነዳጅ ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ደርሷል። በስልክ የጠራሁት ታክሲ አያነሳም። የሚያልፉት የቤት መኪናዎች ውሃ ረጭተውብን ያልፋሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ መንገድ ነድቻለሁ፤ መንገዱ ያን ያህል ሰፊ መስሎ ታይቶኝ አያውቅም። ጀርባዬ ላይ ትንፋሿን እቆጥር ነበር። መሐል ላይ ቆጠራው ጠፋብኝ።

አንዲት ሚኒባስ ሙሉ ጭና መጣች። ሾፌሩ አብሮኝ ተራ ሲጠብቅ የኖረ ልጅ ነው። አየኝና ፊቴ አቆመ፤ ግን የት ያስቀምጠን? ሁሉም ወንበር ተይዟል። እሱ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ አፉን ሳይከፍት ጋቢና የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ወረደች። ደረቷ ላይ የፍርድ ቤት ማኅደር አቅፋለች፤ ቀጠሮ እንዳላት ያስታውቃል። እሷ ስትወርድ ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ወረዱ፣ ከዚያ ሁለት ተማሪዎች፣ ከዚያ ሁሉም። ማንም ውረዱ ያላቸው የለም። ሂሳቤን መልስ ያለም አልነበረም። ሴትዮዋ ማኅደሯን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። አመሰግናለሁ እንኳን ሳልላት ሄድን።

ስምንት ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። በሦስተኛው ቀን እህቷ ስትደውል ከግቢው ወጥቼ ጮህኩባት። መኪና መኪና ስትሉ ልትገድሏት ነው አልኳት። ያዘገየሁት እኔ መሆኔን እያወቅሁ ነው ያልኩት። እስክጨርስ ሰማችኝና ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። እሱ በማልችለው ቋንቋ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር አለኝ። ከነገሩ የገባኝ ኢንሻአላህ የሚለው ብቻ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶ ላከ። ሳይጠይቀኝ ገዝቷል። ለሆቴሎች ዓሣ ስታመላልስ የኖረች ነጭ ቫን ናት። ጎኗ ተጋጭቶ ቀለሟ ተልጧል፤ መቀመጫዋ ከልኬ በአምስት ሴንቲ ይበልጣል። ሥሯ እዚህም እዚያም ዝጓል። እህቷ ባሌ እንዲህ ብሏል አለችኝ፤ ከመንደሩ እስከ ሐኪም ቤቱ ሦስት ጊዜ ተመላልሼባታለሁ፣ አንዱን በዝናብ፤ አንድም ጊዜ አልቆመችም። ፎቶውን ለመካኒኩ ሽማግሌ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ሂድ አሉኝ።

ሐኪሟ በአውሮፕላኑ ውስጥ ኦክስጅን እንዲሰጣት ደብዳቤ ጻፈችልን። ልጃችንን አብነት ከምትኖር አክስቷ ጋር ትተን ሄድን። ልጄ እናቷን ስታቅፍ እንዳታስጨንቃት ብላ ደረቷን አልነካችም፤ ትከሻዋን ብቻ ያዘች።

ዛንዚባር ስንደርስ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጫነን። የእህቷ ባል ቫኗን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ አስጠግቶ፣ አንድ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ መሬት ላይ አስቀምጦ ጠበቀን። ባለቤቴ ሳጥኑ ላይ ቆማ በሁለታችን ተደግፋ ገባች። ውስጡ የዓሣ ሽታ ነው። ስምንት ጊዜ አጥቤዋለሁ ይላል ብላ አብራው የመጣችው እህቷ ተረጎመችልን። እሱ ነዳ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ የባለቤቴን ራስ ብቻ ነበር የማየው። በተሳሳተው የመንገድ ጎን እየሄድን ስለሆነ የሚመጣው መኪና ሁሉ የሚገጨን ይመስለኛል።

ከከተማው ወጥተን ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ራሷ ወደ መስኮቱ ዘንበል አለ። ስሟን ጠራሁ፤ አልመለሰችም። ትከሻዋን ነካሁ፤ እጇ ከጭኗ ላይ ወደቀ። አቁም ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሰውዬው መንገዱ ዳር አቆመ። ወርጄ በሩን ከፍቼ እጄን አፍንጫዋ ሥር አደረግሁ።

ዓይኗን ገለጠች።

"ምነው? ተኝቼ እኮ ነው" አለችኝ።

ለወራት ትራስ ደርድራ ተቀምጣ ነበር የምታድረው፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ትንፋሽ አጥሯት ትባንናለች። እዚያ የመንገድ ዳር ላይ ተንበርክኬ መነሳት አቃተኝ። የእህቷ ባል ጀርባዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገኝ፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ሄዶ ባሕሩን እያየ ጠበቀን።

አልዳነችም። እዚያ ያለው ሐኪምም የደደረው እንደደደረ ይኖራል ብሎናል። ማሽኑን ግን አሁን ቀን ቀን ለሰዓታት ታጠፋዋለች፤ ጠዋት ጠዋት የጎረቤት ልጆችን ልብስ ትጠግናለች። እኔ ከሆቴል ወደ ሆቴል ሠራተኛ አመላልሳለሁ። ቫኗን በየሳምንቱ ሥሯ ተጋድሜ ጨው በሌለው ውሃ አጥባታለሁ፣ ዘይት እቀባታለሁ፤ ዝገቱ ግን አልቆመም። ባለፈው ወር የኋላው ወለል ተበስቶ ቆርቆሮ አስበየድኩ። ሁለተኛ የዝናብ ወቅት ትችል እንደሆነ አላውቅም። ባለቤቴ አንዳንድ ቀን መንደሩ ዳር ድረስ ውሰደኝ ትለኛለች፤ የምንሄድበት ጉዳይ የለንም። ጋቢና ተቀምጣ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ዝም ብላ ትተነፍሳለች።